ያነጣሁት መድኃኒት

የካቲት 9፣ ማክሰኞ

የጉበት ቀን። ከቄራ አርባ ኪሎ የበሬ ጉበት በአራት ባልዲ፣ በበረዶ ተከቦ ገባ። ጠርሙስ አጣቢያችን አባባ የምድር ቤቱን ደረጃ ሲወርዱ እንደ ልማዳቸው በሬውንም፣ ደረጃውንም፣ እኔንም ረገሙ። ከሰዓት በኋላ ስንፈጭ ዋልን።

ይህን ደብተር ትናንት ገዛሁ። የላቦራቶሪው መዝገብ ለቁጥር ነው፤ እዚያ ላይ "ዛሬ ከፍቶኛል" ተብሎ አይጻፍም። እውነቱን ለመናገር፣ የሚያዋራኝ ሰው አጥቼ ነው። ከፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ ባዶ ከሆነ ሦስት ወሩ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ የተቀመጠችውን ባልደረባዬን ሁላችንም "ሚዛን" ነበር የምንላት፤ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለምትመዝን፣ ንግግሯንም ጭምር። በፈቃዷ ነው የሄደችው። እኔ ያልኳት "ጽሑፉ ላይ ካልፈረምሽ እንግዲህ አብረን ምን እንሠራለን?" ብቻ ነው።

ጽሑፋችን፣ ማለቴ ጽሑፌ፣ ባለፈው ወር ታትሟል። የሊቃውንቱ ማኅበር መጋቢት 7 ቀን ንግግር እንዳደርግ ጋብዞኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

የካቲት 11፣ ሐሙስ

ሐኪሞቹ ኬሚስት ይሉኛል፣ ኬሚስቶቹ ሐኪም ይሉኛል፤ ሁለቱም ሊሰድቡኝ ነው። ባዮኬሚስትሪ የሚለው ቃል ገና የሰው አፍ አልለመደውም። በየግብዣው ላይ "ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠራው?" ይሉኛል፣ ማስረዳት ስጀምር ዓይናቸው ወደ በሩ ይሄዳል። እህቴ በአጭሩ "ጉበት ቀቃይ" ትለኛለች። ከሁሉም ወደ እውነቱ የቀረበችው እሷ ናት።

ለማንም ስለማላስረዳ ለደብተሬ ላስረዳ። ደም እየመነመነ የሚሄድበት በሽታ አለ። የያዘው ሰው በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ጉበት ቢበላ ይነሳል። ግን ማን ይበላዋል? ምላሱ የቆሰለ፣ ሆዱ የተዘጋ ሰው ነው። ስለዚህ ጉበቱን ፈጭተን፣ አፍልተን፣ አጣርተን፣ አልኮል ስንጨምርበት ከሥር ቡኒ፣ ተለጣፊ፣ የሚከረፋ ነገር ይቀራል። እኛ "አተላው" እንለዋለን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በሽተኞች በእሱ ተነስተው በእግራቸው ቤታቸው ገብተዋል።

ግን አተላ መድኃኒት አይደለም። ውስጡ ሺህ ዓይነት ነገር አለ፣ እኔ የምፈልገው አንዱን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? አተላውን አሟሙቼ ከከሰል ዱቄት ጋር አናውጠዋለሁ። ከሰሉ ቀለሙንም ሽታውንም ይመጠዋል። ከሰሉን አጣርቼ እጥላለሁ፣ የቀረውን ውሃ አደርቀዋለሁ። የሚገኘው ነጭ ዱቄት ነው፤ ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው፣ ብርሃን ላይ የሚያብለጨልጭ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እንባዬ መጥቷል። ሚዛን ከጎኔ ቆማ አይታው "ያምራል" አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም።

የካቲት 14፣ እሁድ

ምሳ እትዬ ቤት። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ አሥራ ስምንት። ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም በመርፌዋ ነው። ዛሬም፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ፕሮፌሰር ተብዬ፣ "ጩጬ" ነው የምትለኝ።

እኔ በላሁ፣ እሷ አልበላችም። "ምላሴን ፈጅቶኛል" አለች። ከምሳ በኋላ የጎረቤት ቀሚስ ጫፍ እየዘመዘመች ስታወራኝ መርፌው አውራ ጣቷ ውስጥ ገብቶ ቆሞ አየሁ። ወሬዋን አላቋረጠችም።

"እትዬ፣ ጣትሽ!"

"ውይ!" አለችና ነቀለችው። "መች ገባ ደግሞ? ይኸውልህ ሰሞኑን ጣቴ ጓንት ያደረገ ይመስለኛል። እርጅና ነዋ፣ ጩጬ።"

መስኮቱ አጠገብ ስትቆም የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ከንፈሯ ደም የለውም። ይህን ቀለም ከዚህ በፊት በስድስት ሰው ላይ አይቼዋለሁ። እርጅና ነው አልኳት እኔም። ነገ ሐኪሙ ዘንድ እወስዳታለሁ።

የካቲት 16፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ የሁለተኛ ፎቅ ኃላፊ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንተዋወቃለን፣ በዚህ ሆስፒታል ውስጥ አንተ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ደሟን ራሱ ቆጠረ። ጤነኛ ሰው አራት ሚሊዮን ተኩል ቀይ ሕዋስ ሊኖረው በሚገባበት ጠብታ ውስጥ የእትዬ አንድ ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ ነው።

"ያንተው በሽታ ነው" አለኝ።

እንኳን የኔው ሆነ ማለት ቃጣኝ። ሌላ በሽታ ቢሆን ኖሮ እጄን አጣጥፌ ነበር የምቀመጠው። መድኃኒቱ እኔ እጅ ነው!

ደሜን ልስጣት አልኩ። ፈተነውና አይገጥምም አለ። ጥሬ ጉበት አቀረቡላት፣ አንድ ማንኪያ ቀምሳ አስመለሳት። "እንግዲያው ቡኒውን እንጀምርላት" አለ ሐኪሙ።

"ምን ቆርጦኝ ነው ለእህቴ አተላ የማጠጣት?"

"ሦስቱ ሰዎች የዳኑት በሱ ነው።"

"ነጩ የሱ ንጥር ነው። አሥር እጥፍ ይበልጣል።"

"ይበልጣል ነው ወይስ ይበልጣል ብለህ ታስባለህ?"

ደግሞም ቡኒ የለም። ለንግግሩ የማሳየውን ለማዘጋጀት ያለኝን ሁሉ አንጥቼዋለሁ። ይህን አልነገርኩትም፣ ስላልጠየቀኝ።

የካቲት 17፣ ረቡዕ

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ራሴ ይዤ ወጣሁ። ላቦራቶሪው ከምድር በታች ነው፣ አልጋዋ ከራሴ በላይ ባለው ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ። ጠጥታ አፏን ጠረገች።

"ይሄ ሁሉ በሬ ታርዶ ጣዕም የለውም? ጨው እንኳ ጣል አታደርግበትም?"

ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስወርድ ደረጃውን እንደ ልጅ ሁለት ሁለቱን ነበር የምወርደው።

የካቲት 21፣ እሁድ

"ተሽሎኛል" አለችኝ! ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉንጯ ቀልቷል፣ በዓይኔ አየሁት። መዝገቡ ላይ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ "ሰባተኛ በሽተኛ። በአምስተኛው ቀን የመሻል ስሜት። ጉንጭ ላይ ቀለም ታይቷል።"

የካቲት 24፣ ረቡዕ

በችኮላ። ቆጠራ፦ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ። ቆጣሪው አዲስ ሰው ነው፣ እጁ ገና አልተፍታታም። በድጋሚ ይቆጠር ብያለሁ። እሷ ግን ተሽሎኛል ትላለች። የንግግሩ ሥዕሎች አላለቁም።

የካቲት 26፣ አርብ

በድጋሚ ተቆጠረ። ያው ነው።

ደረጃው ላይ ሁለት ነርሶች ከላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ "የቡኒው ጠርሙስ ሰዎች ቤታቸው ገቡ፣ የነጩ ጠርሙስ ሰዎች አልጋቸውን ወረሱት" አለች። ሌላዋ ሳቀች። ነርስ ስለ ኬሚስትሪ ምን ታውቃለች? ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩ። ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለ አራተኛው በሽተኛ መጻፍ ካለብኝ አሁን ልጻፈው። ጋሪ ነጂ ነበር። ነጩን የወሰደ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በሃያ ቀን ምንም ለውጥ አላሳየም። ሚዛን መዝገቡ ላይ በዚያ በሚያስቀና የእጅ ጽሑፏ "ከከሰሉ በኋላ ኃይሉ የለም" ብላ ጻፈች። እኔ ሰውየው መድኃኒቱን እየደፋ አረቄ ይጠጣል ብዬ አሰብኩ። ጋሪ ነጂ ነዋ። እናም ከጽሑፉ አወጣሁት፣ እሷ የጻፈችውንም መስመር በማስመሪያ ሰረዝኩት። አምስተኛውና ስድስተኛው ነጩን ወስደው ትንሽ ትንሽ ተሽሏቸዋል። ሐኪሙ በጎን ጉበት ያበላቸው እንደነበር እውነት ነው፣ ግን ጥቂት ነው። አንድ ሰው ከስድስት ሰው ቢወጣ ምን ይሆናል? ሁሉም ያደርገዋል።

ሚዛን "እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ" አለች። ያኔ ፉከራ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት 1፣ ረቡዕ

እትዬ ዛሬ ብዙ አወራች። ትምህርት ቤት ስገባ የሰፋችልኝን ኮት አንስታ፣ እጅጌው ረዝሞ ቾክ መያዝ አቅቶኝ እንዳለቀስኩ ለነርሷ ተረከችላት። ከዚያ ሐኪሙ ገባና እኔ ባለሁበት "እማማ፣ ቄራ ልኬ ቡኒውን ላሠራልዎት እችላለሁ፣ ምን ይላሉ?" አላት። እኔን አልፎ! ደሜ ፈላ።

እሷ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሱን። "ጩጬ የሚሰጠኝ ይበቃኛል" አለችው። "እየተሻለኝ እኮ ነው።"

ከክፍሉ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። "ስማ፣ ጽሑፉ ታትሟል፣ ገብቶኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ግን ሞኝ አልነበርክም።"

በሽተኛዋ ራሷ ተሽሎኛል እያለች እሱ ምን አገባው?

መጋቢት 5፣ እሁድ

ንግግሩን በቃሌ ያዝኩ። እትዬ ከአልጋዋ ሆና ሰማችኝ፣ ሰዓት ያዘችልኝ። ግማሹ ላይ ዓይኗ ተከደነ። ደክሟት ነው። ስጨርስ ነቅታ አጨበጨበች፣ ጭብጨባዋ ድምፅ አልነበረውም። ሚዛን ብትኖር ሥዕሎቹን ታስተካክልልኝ ነበር።

መጋቢት 7፣ ማክሰኞ

ተነስተው አጨበጨቡ። አዳራሹ ሙሉ ሰው። ነጩን ዱቄት በብርጭቆ ሳሳይ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ሊቅ መነጽራቸውን አወለቁ። መጨረሻ ላይ ያላሰብኩትን ጨመርኩ፦ "ሰባተኛዋ በሽተኛ እኔን ያሳደገች እህቴ ናት። ከትናንት በስቲያ በገዛ አንደበቷ ተሽሎኛል ብላኛለች።" ያኔ ነው የተነሱት።

ሚዛን ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ ነበር። እሷ አላጨበጨበችም። እህቴ የሚለውን ቃል ስናገር አፏን በእጇ ያዘች። ሰው ከከበበኝ በኋላ ፈለግኋት፣ ሄዳለች።

እቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥኩ። የደስታ ቀን ነበር። ለምን አፏን በእጇ እንደያዘች አሁንም አስባለሁ።

መጋቢት 9፣ ሐሙስ

ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሺህ።

ከሚሊዮን በታች።

መጋቢት 10፣ አርብ

እጥፍ ሰጠኋት። ጠዋት ሁለት ጠርሙስ፣ ማታ ሁለት። እግሯ መሬት አይሰማውም፣ ለመቆም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። "ተሽሎኛል" አለች። እኔም መዝገቡን ከፍቼ ምንም ሳልጽፍ ዘጋሁት። ሐኪሙ አያናግረኝም። አባባ ጠርሙሶቹን እያጠቡ "ጌታዬ፣ ዛሬ ፊትዎ ከአተላው ይብሳል" አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

መጋቢት 12፣ እሁድ

ዛሬ አንድ ሰዓት ቀድሜ ሄድኩ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልገባ ስል የእትዬን ድምፅ ሰማሁ።

"ቶሎ በይ እንጂ ልጄ፣ አቅኚኝ። ጩጬው ሊመጣ ነው።"

ነርሷ ከኋላዋ ትራስ ስትደራርብ በስንጥቁ አየሁ። እትዬ በሁለት መዳፏ ጉንጮቿን ታሻለች። አሸች፣ አሸች፣ ከዚያ በጣቶቿ ቆነጠጠቻቸው። ደጋግማ፣ እስኪቀሉ ድረስ።

"ኧረ እማማ፣ ቆዳዎ ሊላጥ ነው" አለቻት ነርሷ።

"ግድ የለም። ቀላሁ?"

ከበሩ ኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። "ጉንጭ ላይ ቀለም ታይቷል።" በራሴ እጅ የጻፍኩት። ለዚያ ሁሉ ሰው ተሽሏታል ብዬ በአደባባይ የተናገርኩት።

ገባሁና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠርሙሱን አላወጣሁም።

"እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ተሽሎሽ ያውቃል?"

"ምን ያደርግልሃል አሁን ይሄ?"

"አንድ ቀን እንኳ?"

ነርሷ ወጣች። እትዬ ትራሱ ላይ ወደ ኋላ ተለቀቀች። እንደዚያ ስትሆን ምን ያህል እንዳነሰች አየሁ። "አንድ ቀን እንኳ አልተሻለኝም" አለች።

"ታዲያ ለምን?"

"ያንን ጠርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፈህ ስትገባ ፊትህን ብታየው! የመጀመሪያ ፈተናህን አልፈህ እየሮጥክ የመጣህ ቀን ነው የመሰልከኝ። በምን አፌ አይሠራም ልበልህ?"

"ልትሞቺ እኮ ነው እትዬ!"

"እኔ ያንተን ሙያ አላውቅ" አለችኝ። አልተቆጣችም። "እኔ ምንም ብል፣ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።"

አውቅ ነበር። ቁጥሩ ፊቴ ነበር፣ ሦስት ጊዜ። ቆጣሪውን ወቀስኩ፣ ነርሷን ናቅሁ፣ ጋሪ ነጂውን ሰካራም አልኩ። አንድም ቀን ጠጥቶ አላየሁትም፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሐኪሙ ቡኒውን ላሠራልዎት ሲላት ለእኔ ስትል እምቢ አለች፣ እኔም ለራሴ ስል ዝም አልኩ። ዛሬ እንቅልፍ በዓይኔ የሚዞር አይመስለኝም።

መጋቢት 13፣ ሰኞ

ሚዛን የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ገብታለች። ቀለም ትፈትናለች። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆኖ አገኘኋት። ገና ሳልቀመጥ "እህትዎ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ነጩን ነው የሚወስዱት? ስንት ቀን ሆናቸው?"

"ሃያ ስድስት ቀን።"

ዓይኗን ጨፈነች። "ከሰሉን ምን አደረጉት?"

"እንደ ሁልጊዜው። አባባ ጓሮ ደፉት።"

"መድኃኒቱን ነዋ ጓሮ የደፉት።" ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ እንደ ድሮው መዝና ነው የምትናገረው። "ከሰል ቀለምና ሽታ ብቻ መርጦ ይወስዳል ያለዎት ማን ነው? በሽተኛን የሚያነሳውን ነገር ራሱን ይወስደዋል። የቀረልዎት ባዶው ነጭ ዱቄት ነው። ያምራል፤ አይሠራም እንጂ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።"

"ለምን አጥብቀሽ አልነገርሽኝም?"

"መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። እርስዎ በማስመሪያ ሰረዙት።"

ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ለአፌ እንግዳ ስለነበር ሁለት ጊዜ መጀመር ነበረብኝ። እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ቀለሙ አልለቀቀም። "ነገ የጉበት ቀን አይደል? ሽርጤ እዚያው ከተሰቀለ እመጣለሁ። ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎ።"

ሽርጡ እዚያው እንደተሰቀለ ነው። እኔ አላነሳሁትም።

መጋቢት 14፣ ማክሰኞ

አርባ ኪሎ። ሚዛን መጣች። አባባ ሲያዩዋት ባልዲውን አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለእኔ አውልቀው አያውቁም። ፈጨን፣ አፈላን። ሳንነጋገር ሠራን፤ እጃችን አሥራ አንድ ዓመት የተለማመደው ነው። ስንት ጊዜ "ትንሽ ላጥራው፣ ለሆዷ እንዲቀል" ልል አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ዘጋሁ።

መጋቢት 16፣ ሐሙስ

ጠዋት የመጀመሪያው ቡኒ ብርጭቆ። ክፍሉ ከረፋ። እትዬ አሸተተችና "አሁን ገና መድኃኒት አመጣህ!" አለች። እያንገሸገሻት እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ሐኪሙ እንደገና አናገረኝ። ከእንግዲህ በየቀኑ ጠብታ ደም ይወስዳል። የሚፈልገው አዲስ የተወለዱ ቀይ ሕዋሳትን ነው፤ ማቅለሚያ ሲነካቸው ሰማያዊ ክር ይታይባቸዋል። መድኃኒቱ ከሠራ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ብቅ ይላሉ። እስከዚያ ልቧ መቻሉን እንጃ አለኝ። "ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ" ብሎ ጀመረና ተወው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሱ ቢተወውም እኔ ጨረስኩት።

መጋቢት 18፣ ቅዳሜ

ለማኅበሩ ጽሑፌን የምሰርዝበት ደብዳቤ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ጻፍኩት፣ እሷ ጠይቃኝ። የመጀመሪያውን ሳነብላት "በሥራው ላይ ስህተት ተገኝቷል" ይላል።

"ማን ጥሎት ነው የተገኘው?" አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ "ሠርተናል" አልኩ። "አንተና ማን?" አለች። ሦስተኛው አጭር ነው። ጋሪ ነጂውን አውቄ ማውጣቴን፣ ባልደረባዬ ማስጠንቀቋንና እኔ መሰረዜን፣ ሰባተኛዋ በሽተኛ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተሻላት ይናገራል። አድምጣ ስትጨርስ "እንዲህ ነው እንጂ ጩጬ፣ ስፌቱ ቀጥ አለ" አለች። እጄን ፈለገች፣ ግን መያዟ አልተሰማትም መሰለኝ፣ ደጋግማ ነበር የምትዳብሰኝ። ማታውኑ ላክሁት።

መጋቢት 19፣ እሁድ

አራተኛ ቀን። አዲስ ሕዋስ የለም። ትተነፍሳለች፣ ትንፋሽዋ አጭር ነው። ቡኒውን በጠብታ በጠብታ እየሰጠናት ነው። ሚዛን ፀጉሯን አበጠረችላት።

መጋቢት 21፣ ማክሰኞ

እትዬ ዛሬ ሲነጋ ሞተች።

መጋቢት 23፣ ሐሙስ

ትናንት ቀበርናት። ሰው ብዙ ነበር፣ ግማሹ የሰፋችለትን ልብስ ለብሶ ነው የመጣው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያጽናናኛል። "አንተ ያልከፈልክላት ምን አለ፣ ቀንና ሌሊት አልጋዋ ሥር" ይሉኛል። አንገቴን እነቀንቃለሁ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሆድ ይፍጀው።

ዛሬ መግባት አልነበረብኝም፣ ግን ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ላቦራቶሪ ወርጄ ባዶ ጠርሙስ ፊት ተቀመጥኩ። ሚዛን ጥቁር ለብሳ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ሐኪሙ ማይክሮስኮፑን ራሱ ተሸክሞ ከፎቅ ወረደ። ፊቴ አስቀመጠው።

"ሰኞ ማታ ከእሷ የወሰድኩት ደም ነው" አለ። "ትናንት ነው ለማየት አቅም ያገኘሁት። ማየት ካልፈለግህ ግድ የለም።"

ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ደብዛዛ ነበር፣ አስተካከልኩት። አንድ ሰማያዊ ክር ያለበት ሕዋስ አየሁ። አጠገቡ ሌላ። ከሥር ሁለት። የቆየ ልማዴ ስለሆነ እስከ መቶ ቆጠርኩ። ከመቶ አሥራ አራት። እንደገና ቆጠርኩ፣ አሥራ አራት። በጤነኛ ሰው አንድ ነው የሚገኘው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሽተኞች እንኳ በአምስተኛው ቀን አሥር አልሞሉም ነበር።

"አሥራ አራት!" ብዬ ጮህኩ። "ሠርቷል! ሚዛን፣ ሠርቷል እኮ!"

ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁ። ሐኪሙ ስሜን ሲጠራ ሰማሁት፣ አልቆምኩም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁ፣ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ። በሃምሳ አራት ዓመቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንደኛውን ፎቅ አልፌ፣ የሁለተኛው ፎቅ በር ከፊቴ ሲታየኝ ነው እግሬ የቆመው። ለእትዬ ልነግራት ነበር የምሮጠው።